ጆሮ ጠቢ በዝግ ባሕር

በሁለት ሺህ ሰባ ሁለት ዓመተ ምሕረት በደቡቡ ባሕር ላይ ዓሣ ከሚያጠምዱት መርከበኞች የሚበዙት ጣና ዳር የተማሩ ነበሩ። በመርከቦቹ ላይ የሚነገረውም በዚያው ምክንያት አማርኛ ሆኖ ቀርቷል። አልባትሮስ የሚባለውን ወፍ ግን ማንም በስሙ አይጠራውም። «ጆሮ ጠቢ» ነበር የሚሉት።

ደጊቱ አንለይ «ሰናይት» በተባለችው መርከብ ላይ የኤሌክትሪክ ባለሙያ ነበረች። ዕድሜዋ ሠላሳ ስድስት ነው፤ አሥራ አንዱን ዓመት ያሳለፈችው ባሕር ላይ ነው። ባሕሩን የሚቃኘው ጠባቂ መርከበኛ፣ ወፍ አይቶ ደወሉን ሁለት ጊዜ ሲመታ የያዘችውን ሥራ ጥላ ወደ ማብሪያ ማጥፊያው ክፍል ትሮጣለች። መጀመሪያ ራዳሩን ታጠፋለች። ቀጥላ ሬዲዮውን፣ ሞተሩን፣ ምድጃውን፣ ማሞቂያውን፣ በመጨረሻም መብራቱን። ካፒቴኑ በሰዓት ይለካታል። አርባ ሰከንድ ጥሩ ነው፤ ከስልሳ ካለፈ ያስጠራታል።

ከዚያ በኋላ ሃያ ሦስት ሰው ያለውን ልብስ ሁሉ ደራርቦ ይቀመጣል። ከትናንት የተረፈ ሩዝ በቀዝቃዛው ይበላል። ሳል የያዘው ሰው ወደ ታችኛው ክፍል ይወርዳል። ወፉ እስኪሄድ ድረስ ማንም ማንንም በስሙ አይጠራም።

ሕጉ ይህን ሁሉ አይልም። ሕጉ የሚለው ከአምሳኛው የደቡብ ኬክሮስ መስመር በታች ያለው ባሕር ለዓሣ አጥማጅ ዝግ መሆኑን ነው። ያን የሚያህል ውሃ በጠባቂ መርከብ መጠበቅ ስለማይቻል፣ ባሕሩን ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚያካልሉት ወፎች ጀርባቸው ላይ የክብሪት ቀፎ የሚያህል መሣሪያ ታሰረላቸው። መሣሪያው የራዳር ሞገድ ሲያገኝ ቦታውንና ሰዓቱን ይመዘግባል። ሰው የሚያውቀው ይኼን ብቻ ነበር። ቆይቶ አንዱ የሞተርም ድምፅ ይለያል አለ። ሌላው የሰውም ድምፅ ይሰማል አለ። ያየውን ወዲያው ያስተላልፋል የሚል አለ፤ የለም፣ ወፉ ወደ ጎጆው ሲመለስ ነው የሚዘረገፈው የሚልም አለ። ማን ከማን እንደሰማ የሚያጣራ አልነበረም። የጠየቀ ሰው ለምን ጠየቀ ተብሎ ይጠየቃል።

ባለፈው ዓመት የ«ሰናይት» እህት መርከብ «ፍሬሕይወት» ዝግ ባሕር ውስጥ ተይዛ ካፒቴኗ ታሰረ፣ ሠራተኞቿም ዳግመኛ ባሕር እንዳይወጡ ታገዱ። ወፍ ነው ያስያዛት ተባለ። ከዚያ ወዲህ የ«ሰናይት» ካፒቴን አየልኝ ሰውን እየመረጠ ማናገር ጀመረ። የሠራተኛውን ክፍል ሁለት ጊዜ አስፈተሸ። ደጊቱንም አንድ ቀን ቢሮው አስቀምጦ፣ «ገመዱና ሽቦው ሁሉ ያንቺ ነው። ከዚህ መርከብ አንድ ቃል ቢወጣ መጀመሪያ የማውቀው አንቺን ነው» አላት። ድምፁን አላነሣም። ሲናገር የሚያየው እጇን ነበር።

እሷም በበኩሏ ሰው ታጠና ነበር። ምግብ አብሳዩ ለምን ብቻውን እንደሚስቅ፣ ማን ቶሎ እንደሚተኛ፣ ማን ደብዳቤ እንደማይጽፍ። የማትጠረጥረው ሁለት ሰው ብቻ ነበር። አንዱ ሐምዛ ነው፤ የኮምቦልቻ ልጅ፣ ሃያ ዘጠኝ ዓመቱ፣ ካገባ ገና ሁለት ዓመቱ፣ መንጠቆና ገመድ ላይ የሚሠራ። ያሰበውን ሁሉ ስለሚናገር ምስጢር የሚያድርበት ቦታ ያለው አይመስልም። ሁለተኛው ጋሽ ላቀው ናቸው። ስልሳ አራት ዓመታቸው ነው፤ የመርከቧ ዋና ጠባቂ እሳቸው ነበሩ። ሌላው ሰው በመነጽር የማያየውን ወፍ በባዶ ዓይን ያያሉ። ደወሉን ብዙውን ጊዜ የሚመቱትም እሳቸው ናቸው።

ሐምሌ አጋማሽ ላይ «ሰናይት» ከአምሳኛው መስመር በታች ሦስት ቀን ገብታ መንጠቆ እንደጣለች ደወሉ ሁለት ጊዜ ተመታ። ደጊቱ ሁሉንም አጠፋችና ወደ ላይ ወጣች። ወፉ ከመርከቧ ጀርባ ከውሃው አንድ ክንድ ያህል ከፍ ብሎ ይንሳፈፋል። ክንፉ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሦስት ሜትር ተኩል ይሆናል፤ ዝርግት አድርጎት አንድ ጊዜም አያርገበግበውም። ጀርባው ላይ ጥቁሯ መሣሪያ ትታያለች።

አመሻሹ ላይ ነፋሱ ቆመ። በዚያ ባሕር ነፋስ የሚቆመው እምብዛም ነው። ጉም ወረደ፣ ውሃው እንደ ዘይት ለጥ አለ፣ ወፉም ክንፉን አጥፎ ከመርከቧ ሃያ ሜትር ላይ ተቀመጠ። በማግስቱም እዚያው ነበር። በሦስተኛውም ቀን።

«ምን ይፈልጋል?» አለ ሐምዛ በሹክሹክታ፤ ከደጊቱ ጋር በአንድ ብርድ ልብስ ተጠቅልለው ተቀምጠዋል። «የዓሣ አንጀት እንኳ አልጣልንለትም። ዝም ብሎ ያየናል። ወላሂ፣ ስሜን ያወቀው ይመስለኛል።»

«ዝም በል» አለችው።

«በጆሮው ሰምቶኛል ማለቴ አይደለም። አየኝ ነው የምልሽ።»

ጋሽ ላቀው አጠገባቸው ቆመው ነበር። የሆነ ነገር ሊሉ አፋቸውን ከፈቱና ተዉት። ደጊቱ አስተዋለቻቸው። ሦስት ቀን ሙሉ ሁሉም ሰው ወፉን ሲያይ እሳቸው የሚያዩት ጉሙን ነበር።

በአራተኛው ቀን ጠዋት፣ ራዳሯ የጠፋባት፣ ሞተሯ የቆመባት «ሰናይት» እንዲሁ እየተንሳፈፈች ሳለ፣ ቤት የሚያህል የበረዶ ቋጥኝ ከጉሙ ውስጥ ብቅ አለ። ሲያዩት ሠላሳ ሜትር ላይ ደርሷል። ደጊቱ ወደ ማብሪያው ሮጠች። ካፒቴን አየልኝ በሩ ላይ ቆሞ ጠበቃት።

«አይበራም» አላት።

«ካፒቴን፣ በረዶው ሊመታን ነው።»

«በሞተር ስንሸሽ ወፉ ከሚመዘግበን፣ ይምታን። ቀስ ብሎ ነው የሚመጣው። ጎማ ይንጠልጠልለት።»

የመኪና ጎማዎች በገመድ በጎን በኩል ተንጠለጠሉ። በረዶው የመጣው እውነትም ቀስ ብሎ ነው። ግን አልቆመም። ሐምዛ አንዱን ጎማ ሊያስተካክል ቀኝ እጁን ወደ ውጭ እንደዘረጋ መርከቧ ዘመም አለችና እጁ በብረቱ አጥርና በበረዶው መሀል ገባ። የጮኸው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ወዲያው ራሱ በግራ እጁ አፉን ያዘ። ደጊቱ ከዚያ በኋላ ብዙ ጊዜ የምታስታውሰው ጩኸቱን ሳይሆን አፉን መያዙን ነበር።

የመርከቧ ጎን ተሰንጥቆ ውሃ መግባት ጀመረ። ካፒቴኑ ፓምፑን በእጅ ግፉ አለ። ሰዉ እየተፈራረቀ ገፋ። ሐምዛን ታች አስተኝተው እጁን በንጹሕ ጨርቅ ጠቀለሉት፤ ጨርቁን ሦስት ጊዜ ቀየሩለት።

ቀትር ላይ ካፒቴኑ ደጊቱንና ጋሽ ላቀውን ጠራ።

«ወፉን በሕይወቱ ያዙልኝ» አለ። «ከተገደለ መሣሪያው መሞቱን ይናገራል ይባላል። አንቺ ደግሞ ትከፍቺውና ዝም ታሰኚዋለሽ።»

«ከፍቼ አላውቅም» አለች ደጊቱ።

«ዛሬ ታውቂያለሽ።»

ወፉን ለመያዝ ሩብ ሰዓት አልፈጀም። ጋሽ ላቀው የዓሣ ጉበት በገመድ ጫፍ አስረው ጣሉ፤ ወፉ ነፋስ ስለሌለ መነሣት አቅቶት በእግሩ እየቀዘፈ መጣ፤ በመረብ አወጡት። ጋሽ ላቀው በግራ እጃቸው መንቁሩን ጨብጠው፣ ክንፉን ከጎናቸው ጋር አጣብቀው እንደ በግ ግልገል አቀፉት። ደጊቱ ይህን አየች። ዓሣ አጥማጅ ወፍ እንዲህ አይዝም።

ወደ መሣሪያ ክፍሏ ገቡ። ካፒቴኑ ውጭ ቀረ፤ ትንፋሹ በበሩ ስንጥቅ ይሰማል። ወፉ ዓሣና የቆየ ዘይት ይሸታል። ከመንቁሩ ጫፍ ጨዋማ ውሃ ጠብ ጠብ ይላል። ዓይኑ ጥቁር ነው፤ ዝም ብሎ ያያታል። ደጊቱ የመሣሪያውን አራት ቡሎኖች ፈታች። ክዳኑ እንቢ አላትና በቢላዋ ፈነቀለችው።

ውስጡ ጨው ነበር። ባትሪው አብጦ ተሰንጥቋል፣ ሽቦዎቹ አረንጓዴ ሆነው ሲነኳቸው ይፈረፈራሉ። ክዳኑ ውስጥ የተለጠፈው ብረት ላይ የታሰረበት ዓመት ተጽፏል፤ ሁለት ሺህ አምሳ ሰባት። ከሥሩ በአራት ዓመት ውስጥ እንዲቀየር ይላል።

ቀና ስትል ጋሽ ላቀው የሚያዩት መሣሪያውን አልነበረም። የእሷን ፊት ነበር።

«ያውቁ ነበር» አለች በሹክሹክታ።

«አውቅ ነበር።»

«ሁሉም እንዲህ ናቸው?»

«ሁሉም።» መንቁሩን የያዘው እጃቸው አልላላም። «እንቁላል የሚጥሉበት ደሴት ላይ ጎጆ ቆጣሪ ነበርኩ፤ ዘጠኝ ዓመት። ሰባት ሆነን ነበር። ወፎቹ በየሁለት ዓመቱ ይመጣሉ፣ ባትሪ እንቀይራለን። በአምሳ ስምንት ዓመተ ምሕረት ሥራው ቀረ ተባለና አወጡን። የሚቀይር የለም ብለን ለሚመለከተው ሁሉ ጻፍን። ምንም የተባለ ነገር የለም። እኔ ግን አንድ ነገር አየሁ። መርከቦቹ አሁንም ይፈሩ ነበር።»

«ስለዚህ ዓሣ መርከብ ገቡ።»

«ፍርሃቱ ውሎ አድሮ እንዳይጠፋ ነው የገባሁት። ድምፅ ይሰማል ያልኩት እኔ ነኝ።»

«‹ፍሬሕይወት›ስ?»

 ውጭ የካፒቴኑ ጫማ ተንቀሳቀሰ።

«እኔ ነኝ የጠቆምኩት» አሉ። «ወፍ የያዘው መርከብ ሳይኖር አሥር ዓመት ካለፈ ማን ያምናል?»

ደጊቱ ቢላዋውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ሃያ ሁለት ሰው ነበር በዚያ መርከብ ላይ። አንዱ አብሯት የተማረ ነው፤ አሁን ባሕር ዳር የጀልባ ቀለም ይቀባል።

«የሐምዛ እጅስ፣ ጋሽ ላቀው?»

«ለሱ መልስ የለኝም።»

«አራት ቀን አጠገቡ ቆመው ሲያዩት ነበር። ነፋስ ስለሌለ ነው የማይሄደው ቢሉን ምን ነበረበት?»

«ይህን ብል፣ ወፏን ከየት አወቅሃት ይሉኛል።» ወፏን ዝቅ ብለው አዩ። እሷ ነበር የሚሏት፤ ሌላው ሁሉ እሱ ሲላት። «እግሯ ላይ ያለውን ቀለበት ቁጥር እዪ። ከአርባ ዓመት በላይ ናት። ይኼኔ አንድ ጫጩት ጎጆ ላይ ቁጭ ብላ ትጠብቃታለች፤ ባሏም ሌላ ባሕር ላይ ምግብ ይፈልጋል። ከሁለቱ አንዱ ከቀረ ጫጩቷ አትተርፍም። ይህን ስልሽ ግን ለሐምዛ መልስ አድርጌ አይደለም።»

«አለቀ ወይ?» አለ ካፒቴኑ ከውጭ።

ደጊቱ ወፏን አየቻት። ልቧ በላባው ሥር በዝግታ ይመታል። ለካፒቴኑ እውነቱን ብትነግረው ምን እንደሚሆን ታውቃለች። ነገ ጠዋት ራዳሩ ይበራል። በሚቀጥለው ወር ወሬው ሁሉም ወደብ ይደርሳል። ወፍ እንዳይያዝበት ተብሎ መንጠቆው ቶሎ እንዲሰምጥ ክብደት ማሰር፣ ወፍ እንዳይጠጋ ገመድ ላይ ማስፈራሪያ ጨርቅ መስቀል፣ ይኼ ሁሉ ይቀራል። እሷ ዝም ብትል ደግሞ የሽማግሌው ተባባሪ ትሆናለች፤ ካለፈው ሁሉ ጋር። ጋሽ ላቀው ምንም አላሏትም። አልለመኗትም። በዚህ ደግሞ ይበልጥ ጠረጠረቻቸው፤ ዝምታቸውም የታሰበበት መሰላት።

ክዳኑን መልሳ ገጠመች። አራቱን ቡሎኖች አጠበቀችና በሩን ከፈተች።

«ሕያው ነው» አለች። «አጥፋ ብለው የሚያጠፉት ዓይነት አይደለም። ሽቦውን ከነካሁት የባሰ ይሆናል። የያዘውን ይዟል።»

ካፒቴን አየልኝ ረዘም ላለ ጊዜ አያት። «እጅሽ ይንቀጠቀጣል» አላት።

«በርዶኛል። አራት ቀን እኮ ነው።»

ከሰዓት በኋላ ነፋሱ መጣ። ጋሽ ላቀው ወፏን ወደ ነፋሱ አዙረው ከአጥሩ ላይ ለቀቋት፤ ውሃውን በእግሯ መታ መታ አድርጋ ተነሣች፣ ክንፏን ዘረጋች፣ ወደ ደቡብ ሄደች። ከታች ሐምዛ በመስኮቱ ሲረግማት ይሰማ ነበር። ካፒቴኑ መንጠቆው ሳይወጣ ገመዱ ተቆርጦ እንዲጣል አዘዘ፤ «ሰናይት» ሁሉን አብርታ ወደ ሰሜን ሸሸች።

የደቡብ አፍሪካዋ ደርባን ሲደርሱ የሐምዛ እጅ ከአንጓው ላይ ተቆረጠ። ጋሽ ላቀው ወደብ ላይ ወርደው በዚያው አልተመለሱም፤ በሁለተኛው ሳምንት ሌላ መርከብ ላይ በጠባቂነት ገብተዋል ሲባል ደጊቱ ሰማች። በአሥራ አንደኛው ቀን ሆስፒታል ሄደች። ሐምዛ ብቻውን ነበር፤ ትራስ ተደግፎ መስኮቱን ያያል።

የመጣችበትን ሳትሸፍን ነገረችው። መሣሪያው የሞተ መሆኑን፣ ሁሉም የሞቱ መሆናቸውን፣ ደሴቱ ላይ የሚቀይር ሰው እንደሌለ።

«ያ አራት ቀን በከንቱ ነበር?» አለ ሐምዛ።

«በከንቱ ነበር።»

«ጋሽ ላቀው ያውቅ ነበር?»

ደጊቱ ዓይኗን ወደ መስኮቱ መለሰች።

«ተይው፤ ገባኝ።» የተጠቀለለውን ክንዱን በሌላው እጁ አንሥቶ ደረቱ ላይ አስቀመጠው። «አፌን ይዤ ነበር እኮ። አስታወስሽ? እንዳይሰማኝ ብዬ።»

«አስታውሳለሁ።»

«ለምን ነገርሽኝ?»

«የተቆረጠው እጅ ያንተ ስለሆነ። ለካፒቴኑ ብትነግረው አልፈርድብህም። መወሰን የሚገባህ አንተ ነህ።»

 ሐምዛ ወደ እሷ ሳይዞር መናገር ጀመረ። መጀመሪያ በሠራበት መርከብ፣ ወፍ የማይፈራ ካፒቴን ነበረ። ገመዱ ሲጎተት መንጠቆው ላይ የሰጠሙ ወፎች ይመጡ ነበር፤ ክንፋቸው እንደ እርጥብ ልብስ ተንጠልጥሎ። እነሱን ከመንጠቆ እየፈታ የሚጥለው እሱ ነበር። አንድ ቀን ከቀትር በፊት አሥራ ዘጠኝ ጣለ። አንዱ ገና ይተነፍስ ነበር።

«ስንት ቀርተዋል?» አላት።

«ጋሽ ላቀው ደሴቱ ላይ ሲሠሩ ለመጨረሻ ጊዜ የቆጠሩት ሦስት መቶ ጎጆ ነበር። አሁን የሚያውቅ የለም።»

በሩ ተንኳኳና ካፒቴን አየልኝ ገባ። በእጁ ብርቱካን የያዘ ከረጢት አለ። ደጊቱን ሲያይ አልደነገጠም። ከረጢቱን ሐምዛ ጭን ላይ አስቀመጠና ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ስለ ቁስሉ ጠየቀ፣ ስለ ሚስቱ ጠየቀ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«አሥራ አንድ ቀን ሆነን። መጥቶ የጠየቀን የለም። መርከቧንም የፈተሻት የለም። ወፉ ይዞናል ተብሎ ነበር።» ወደ ደጊቱ አልዞረም። «ይህች ሴት ስለዚያ መሣሪያ የነገረችህ ነገር አለ? ልጄ፣ ላንተም ነው የምጠይቅልህ። እጅህን ያጣኸው ለምን እንደሆነ ማወቅ አለብህ።»

ደጊቱ ከመቀመጫዋ አልተነሣችም። ከኮሪደሩ የአልጋ ጎማ ሲንኳኳ ይሰማል። ሐምዛ መጀመሪያ ካፒቴኑን፣ ቀጥሎ እሷን አየ።

«ነግራኛለች» አለ።

«ምን አለችህ?»

«ወፉ ጫጩቱ ጋ ሲመለስ ነው የሚዘረገፈው አለችኝ። ወር ሊቆይ ይችላል፤ ሁለት ወርም። ግን ሁሉም እዚያ ውስጥ አለ። የእኔ ጩኸት አለ።» ክንዱን ደረቱ ላይ አስተካከለ። «‹በሞተር ስንሸሽ ከሚመዘግበን ይምታን› ያሉትም አለ። ፓምፑን በእጅ ግፉ ያሉትም። ድምፅዎ ጥርት ብሎ ነው የተያዘው አለችኝ።»

የካፒቴኑ ፊት ዐመድ መሰለ። አንድ ነገር ሊጠይቅ ወደ ደጊቱ ዞረ። ዝም ብላ ስታየው ጊዜ ተወው። ቆቡን አነሣ፣ ለሐምዛ ምሕረቱን ያውርድልህ አለውና ወጣ። በሩን አልዘጋውም። እርምጃው ደረጃው ላይ እየፈጠነ ሲሄድ ሰሙት።

ደጊቱ ተነሥታ በሩን ዘጋች። 

«እንዳታመሰግኚኝ» አለ ሐምዛ። «ላንቺ ብዬ አይደለም፤ ለሽማግሌውም አይደለም። ለእሱ ግን ካገኘሽው አንድ ነገር ንገሪልኝ። ባሕሩ ላይ ይቆይ። ይቅርታ ልጠይቅ ብሎ ኮምቦልቻ ድረስ እንዳይመጣብኝ። ቢመጣ የምለውን አላውቅም።»

«እነግራቸዋለሁ።»

ከከረጢቱ አንድ ብርቱካን አወጣ። በግራ እጁ ሊልጠው ሞከረ፤ ተንከባለለበት። ደጊቱ እጇን ዘረጋች። ብርቱካኑን ወደ ራሱ ሳበውና ልጣጩን በጥርሱ ነከሰ፤ ትንሽ በትንሽ እየቀደደ ብርድ ልብሱ ላይ ተፋው። ረጅም ጊዜ ወሰደበት። እስኪጨርስ ድረስ አጠገቡ ተቀመጠች።